ጋሽ ከፈለ ያልጻፉት ምክንያት

ጅማ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለመምህሬ ለጋሽ ከፈለ፣
አሰንዳቦ

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው ደብዳቤዎ ለምን እንደጠፋሁ ጠይቀውኛል። ታምሜ አይደለም፤ በፈተናም አላሳብብም። የምነግርዎት ነገር ስላለኝ እርግጡን እስካውቅ ነው ዝም ያልኩት።

በእኛ ዲፓርትመንት አራተኛ ዓመት የጨረሰ የሶፍትዌር ተማሪ ክረምቱን አንድ ድርጅት ገብቶ ኢንተርንሺፕ መሥራት አለበት። ያልሠራ አይመረቅም። ከክፍላችን ገሚሱ እስካሁን የሚቀበለው አላገኘም። እኔ ሁለት ቦታ ተቀበሉኝ።

አንደኛው አዲስ አበባ ነው። ለባንኮች ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ሲሆን የቤት ኪራይ የሚችል አበል ይሰጣል፤ ጎበዝ የሆነውን ደግሞ ሲመረቅ እዚያው ይቀጥረዋል። ልጅዎ ናርዲ ከሁለት ዓመት በፊት የገባችበት ነው። እውነቱን ለመናገር ያመለከትኩትም እሷን አይቼ ነው። ሁለተኛው አጋሮ ያለ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ነው። ማጠቢያ ጣቢያ የሚገባው እሸት ቡና ከየትኛው ገበሬ ማሳ እንደመጣ የሚመዘግብ አፕ እየሠሩ ነው፤ ለቀማው ሳይጀመር መድረስ አለበት። ባለሙያቸው ለሚ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ነው። የሚሰጡት ምሳና ትራንስፖርት ነው።

አዲስ አበባዎቹ እስከ ግንቦት 22 አሳውቂ ብለውኛል፤ አጋሮዎቹ እስከ ሰኔ 5። ጆሮዎ ባይደክም ኖሮ ዛሬውኑ ደውዬ አስቸግርዎት ነበር። የትኛው ይሻለኛል? ናርዲንም ይጠይቁልኝ። ስልኳን ከቀየረች ወዲህ ላገኛት አልቻልኩም፤ ስለ ድርጅቱ ሁለት መስመር ብትጽፍልኝ ይበቃኛል።

ደብዳቤውን ለሾፌሩ ለኢሕሳን እሰጠዋለሁ። ነገ ጠዋት ሚኒባሱ አሰንዳቦ ሲደርስ ያደርስልዎታል።

ልጅዎ አያንቱ ደሬሳ

*

አሰንዳቦ፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአያንቱ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል። ሁለት ቦታ መመረጥሽን ሳነብ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ በግቢው ወዲያ ወዲህ አልኩ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ስህተቴን አንስተሽ ያረምሽኝ ቀን ትዝ አለኝ።

የጠየቅሽኝን ሳላንዛዛ ልመልስ። አጋሮ ግቢ።

ምክንያቴን ትፈልጊያለሽ። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ኪራይ ውድ ነው፤ አበሉ ይበቃል ቢሉሽም አይበቃም። ሁለተኛ፣ የክረምቱ ብርድ ላንቺ አይሆንም፤ ሳንባሽ ደካማ እንደነበረ አውቃለሁ። ሦስተኛ፣ እናትሽ ዘይቡ ብቻዋን ናት፤ ከአጋሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ታያታለሽ። አራተኛ፣ ከትንሽ ቦታ ብዙ ሥራ ይገኛል።

ናርዲ ደህና ናት። እዚሁ የግል ትምህርት ቤት ለሕፃናት ኮምፒዩተር ታስተምራለች። ሥራ ስለበዛባት ልትጽፍልሽ አልቻለችም፤ አትቀየሚያት።

መልስሽን ሳትውዪ ሳታድሪ ላኪልኝ።

ከፈለ ገብረሥላሴ

*

ጅማ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ድፍረት አይሁንብኝና አራቱንም ምክንያቶችዎን አንድ በአንድ አየኋቸው። ኪራዩን ከክፍሌ ልጅ ከሮሆቦት ጋር እንካፈለዋለን፤ እሷንም ያው የአዲስ አበባው ድርጅት ተቀብሏታል። ሳንባዬ ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ አሞኝ አያውቅም። እናቴ ደግሞ ብቻዋን አይደለችም፤ እዚህ ጅማ ሄርማታ ገበያ ሱቋ በር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የማይቀመጥ ጎረቤት የለም። ለሁሉም ነግራቸዋለች። ሻርፕ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ «ልጄ አዲስ አበባ ባንክ ልትገባ ነው» ሲባል ሰምቶ ይሄዳል። ባንክ አይደለም ብላት አልሰማ አለች።

እርስዎ ማረጋገጫ ለሌለው መልስ ግማሽ ነጥብ ብቻ ነበር የሚሰጡን። በዚህኛው ግማሽም አልሰጥዎትም።

አጋሮን ሳላይ የምናገር እንዳይመስልዎት፣ ቅዳሜ ሄጄ አየሁት። ዝናብ ስለነበር ከመናኸሪያው እስከ ዩኒየኑ በጭቃ ተላቁጬ ደረስኩ። ቢሮው አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የቆየ ኮምፒዩተር፣ ግድግዳው ላይ የማጠቢያ ጣቢያዎቹ ካርታ። ለሚ ጥሩ ሰው ይመስላል፤ አላባበለኝም። «ከእኔ የምትማሪው ብዙ ነገር የለም። ግን የሠራሽውን ሰው ሲጠቀምበት ታያለሽ» አለኝ።

የአዲስ አበባው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በቪዲዮ ሃምሳ ደቂቃ አነጋገረኝ። ኮዴን መስመር በመስመር አንብቦታል፤ እንደዚያ አንብቦልኝ የሚያውቅ አስተማሪ እዚህ የለኝም። ከየት ነሽ ሲለኝ ከአሰንዳቦ አልኩት፤ ናርዲን እንደማውቃትም ነገርኩት። «ጎበዝ ነበረች፤ ትዕግሥት ግን አልነበራትም» አለኝ። ምን ማለቱ ነው?

ኢሕሳንን ደብዳቤዎቼን ማን እንደሚቀበለው ጠየቅሁት። ናርዲ ራሷ መንገድ ዳር ወጥታ ትቀበለዋለች አለኝ። ታዲያ ያን ያህል ሥራ የበዛባት ሰው ለምን አንድ ቃል አትልክብኝም? አስቀይሜያት ከሆነ ይንገሩኝ።

አያንቱ

*

አሰንዳቦ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያንቱ፣

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ፤ የኢሕሳን መኪና ጎማ ፈንድቶበት ሁለት ቀን ቆሞ ነበር። ይህን ነገ በማለዳ እሰጠዋለሁ። ነገ የቀነ ገደቡ ዕለት በመሆኑ ተጣድፌ ነው የምጽፈው።

ምክንያቶቼ ደካማ መሆናቸውን ሳልጽፋቸውም አውቅ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ልጽፍልሽ አልችልም፤ የእኔ አይደለምና። ቃል ገብቻለሁ፤ ያስገባኝንም ሰው ላጣ አልፈልግም።

አላስቀየምሻትም። ስለ ናርዲ ግን ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

አስተምሬሽ አውቃለሁ፤ ያለ ማስረጃ እመኚኝ ብዬሽ አላውቅም። ዛሬ እላለሁ። አዲስ አበባ አትሂጂ። ብርዱም ኪራዩም ይቅር። እዚያ ቤት አትግቢ።

ከፈለ

*

ጅማ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ከፈለ፣

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይህ ደብዳቤ እንደወትሮው አይደለም።

ምነው እስካሁን አልመለስሽም ብለው በኢሕሳን ልከውብኛል። ያልመለስኩት የደበቅኩት ነገር ስላለ ነው። ግንቦት 20 ውሉን ፈርሜ በኢሜይል ልኬያለሁ። ምክርዎን እየጠየቅሁ፣ ሁለተኛው መልስዎ ሳይደርሰኝ ፈረምኩ። ደፋር አይደለሁም። እናቴ ለዓረፋ ሻርፕ ሊገዛ የመጣውን ዘመድ ሁሉ ስትነግር እየሰማሁ አጋሮ ልሄድ ነው ማለት አቃተኝ። ሮሆቦትም ፈርማለች። ሰኔ 14 ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን፤ ትኬት ቆርጠናል።

የእርስዎን ደብዳቤ አምስት ጊዜ አነበብኩት። አትሂጂ ይላል፤ ለምን እንደሆነ አይልም። እኔን ከአሰንዳቦ ጅማ ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት። አባቴ ሲሞት የትምህርት ቤቱን ቅጽ በአሳዳጊ ቦታ የፈረሙልኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ግን መንገዱ ከጅማ ሲያልፍ በሩ ላይ የቆሙ መሰለኝ።

ክፉ ቃል ነው፤ ቢሆንም ሌሊቱን ስላላስተኛኝ እጽፈዋለሁ። የራስዎን ልጅ እዚያው ድርጅት ልከዋታል። ለናርዲ ያልከፋ ቦታ ለእኔ ለምን ከፋ? የዘይቡ ልጅ ስለሆንኩ ነው? ለሻርፕ ነጋዴ ልጅ አጋሮ ይበቃታል ብለው ነው?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ እንደማፍር አውቃለሁ። እልከዋለሁ።

አያንቱ

*

አሰንዳቦ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያንቱ፣

እኔ ናርዲ ነኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ስላልኩሽ ይቅርታ። ለዓረፋ እንኳን አደረሳችሁ።

ደብዳቤዎችሽን ከኢሕሳን እጅ የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ከፍቼ ግን አላነብም ነበር። የትናንቱን አባባ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ። ስሜን አየሁና አነበብኩት። እሱ እንዲህ ዓይነት ቃል ከማንም ሰምቶ አያውቅም። ያደረሰበት የእኔ ዝምታ ስለሆነ፣ መልሱን እኔ እመልሳለሁ።

ሥራ አስኪያጁ የአንቺን ኮድ መስመር በመስመር አንብቦታል፤ የእኔንም አንብቦ ነበር። ከዚያ ብዙ ጊዜ ይሰጥሻል። ከሌሎቹ ለይቶ ያስተምርሻል። ሰዎቹ ሲወጡ አንቺ እንድትቆዪ ሥራ ይገኛል። ቢሮው ውስጥ ሁሉም ያያል፤ ማንም አይናገርም። እኔ ዕድለኛ ነኝ ብዬ ለአባባ እጽፍለት ነበር።

በሦስተኛው ወር ለደንበኛ ሶፍትዌር የምንጭን መስሎኝ አብሬው ከከተማ ውጪ ሄድኩ። ደንበኛ አልነበረም። ሆቴሉ ውስጥ የተያዘው አንድ ክፍል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ቦርሳዬን እዚያው ትቼ መውጣቴን ብቻ እወቂ።

ሰኞ ቢሮ ስደርስ የመግቢያ ካርዴ አልሠራም። ለትምህርት ክፍሌ የድርጅቱን ምስጢር አውጥታለች ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ኢንተርንሺፑ ውድቅ ሆነ። ብናገር ፍርድ ቤት እንደሚያቆመኝ በስልክ ነገረኝ። ያን ቀን ስልኬን ቀየርኩ። ትዕግሥት አልነበራትም ማለቱ ይኼ ነው።

አባባን ለማንም እንዳይናገር በእናቴ መቃብር አስምዬዋለሁ፤ ከተናገረ ከቤት እንደምወጣ ነግሬዋለሁ። ስለዚህ እሱን አትቆጪው።

አትሂጂ። ምክንያቱን ግን ለማንም አትንገሪ፤ ለእናትሽም። አደራ።

ናርዲ

*

አሰንዳቦ፣ ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአያንቱ፣

ይህ ሁለተኛው ወረቀት ነው። የመጀመሪያውን ዛሬ ጠዋት ጀምሬው ነበር፤ አሁን ተቀዷል።

ቃሌን ላፈርስ ተቀምጬ ነበር። ሰኔ 14 አንቺ ከምትሄጂ ልጄ ከቤት ትውጣ፣ ፈልጌ አመጣታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ግማሽ ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ናርዲ ከኋላዬ ቆማ አየኋት። እንደምታውቂው መግባቷን መስማት አልችልም። በእጄ ሸፈንኩት። እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ከጽሑፌ በታች «ትናንት ልኬላታለሁ» ብላ ጻፈች። ምኑን አልኳት። «ሁሉንም» ብላ ጻፈችና ተቀመጠች። ወረቀቱን የቀደደችው እሷ ናት።

ያልሽኝን ነገር አትጸጸቺበት። የዘይቡ ልጅ ስለሆንሽ አይደለም፤ ይህን ልብሽም ያውቀዋል። ልጄን ወደዚያ የላክሁት እኔ መሆኔ ግን እውነት ነው። የማታውቂው ከዚያ የባሰ አለ። ቦርሳ ሳትይዝ የተመለሰች ዕለት በመጀመሪያ የጠየቅኋት ለምን ሳትጨርሺ መጣሽ ብዬ ነው። ሰነፍሽ አልኳት። ሁለት ሳምንት አኩርፌያት በአንድ ማዕድ ሳንነጋገር በላን። ምክንያቱን የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማልልኝ ስትለኝ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

የፈረምሽው ውል እንዴት እንደሚፈርስ አላውቅም። ምን እንዳደረግሽ ቶሎ አሳውቂኝ።

ከፈለ

*

ጅማ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናርዲ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩ አልነግርሽም። ምን እንደምልሽ አላውቅም። በአባትሽ ላይ የጻፍኩትን ቃል መልሼ ማንሳት ብችል ሁለቱንም እጄን እሰጥ ነበር። እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፤ አሁን ግን ከዚያ የሚቀድም ነገር አለ።

አባትሽ በጠየቁኝ ልጀምር። አዎ፣ ትቼዋለሁ። እሑድ ዕለት በቤተሰብ ምክንያት መምጣት አልችልም ብዬ ኢሜይል ላክሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱ ደወለ። የተነጋገርነውን እንዳለ ልጻፍልሽ፤ ማወቅ ያለብሽ ይመስለኛል።

«ማን ምን ነገረሽ?» አለኝ።

«ማንም ምንም አልነገረኝም» አልኩት።

«ከአሰንዳቦ ነሽ አይደል? አሰንዳቦ ላሉት ንገሪያቸው፤ ፋይሉ አሁንም እጄ ላይ ነው።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያመመኝ እሱ ነው፤ ስለ ኮዴ ሲያወራኝ በነበረው ድምፅ ነው የተናገረው። ናርዲ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በቃለ መጠይቁ ስምሽን ያነሳሁለት እኔ ነኝ። እወቂው ብዬ ነው እንጂ ላስፈራራሽ አይደለም።

አሁን የምለምንሽ ስለ ሮሆቦት ነው። ሮሆቦት ለማ ከዱራሜ የመጣች የዶርሜ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ዘመድ የላትም። ሌላ ቦታ ስላልተቀበላት ይህ ከቀረ አትመረቅም። እኔ እንደማልሄድ ስነግራት ተቆጣች፤ የኪራዩን ድርሻ እንዴት ልችለው ነው አለች። ለምን ቀረሽ ስትለኝ፣ እናቴ ብቻዋን ናት አልኳት። ብርድ ነው አልኳት። አባትሽ የጻፉልኝን ምክንያት ሁሉ አንድ ሳይቀር መልሼ ተናገርኩ፤ እሷም እኔ እንዳላመንኩት አላመነችኝም።

ትናንት ሄርማታ ወርዳ የቢሮ ጫማ ገዛች። ማታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እየለካችው «ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ፤ ያንቺንም ሥራ ደርቤ እንድይዝ ነገረኝ» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

አደራ ብለሽኛል፤ አደራሽን አልበላም። ስምሽ ሳይነሳ ልንገራት ብዬ አስቤ ነበር። ግን የሰው ወሬ ነው ትለኛለች። ሰኔ 14 ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አውቶቡስ ትሄዳለች። ፍቀጂልኝ። ካልፈቀድሽልኝም ምን እንደማደርግ ንገሪኝ፤ ቅዳሜ እሷን ሸኝቼ ተመልሼ የምተኛ አይመስለኝም።

አያንቱ

*

አሰንዳቦ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአያንቱ፣

ስትጠብቂ ስለቆየሽ ይቅርታ። ለኢሕሳን በየቀኑ መልስ የለም ወይ ብለሽ እንደምትልኪበት አውቃለሁ። መልስ አልነበረም።

ናርዲ ደብዳቤሽን አንብባ አይሆንም አለች። ፋይሉ እጄ ላይ ነው የሚለውን ለእኔም አሳየችኝ። ከዚያ ለአራት ቀን ወደ ትምህርት ቤት ሄዳ ትመለሳለች፣ ትተኛለች፤ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል የለም። እኔም አልገፋፋኋትም። በማኩረፌ ሁለት ሳምንት የበደልኳትን ልጅ አሁን ተናገሪ ብዬ የማዝበት ፊት የለኝም። ቀኑ በመሸ ቁጥር ቅዳሜን እየቆጠርኩ ከመቀመጥ በቀር ያደረግኩት የለም።

ዛሬ ጠዋት ልብሷን ለብሳ መጣች። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ ጮክ አድርጋ ተናገረች፤ እንደዚያ ካደረገች ቆይታለች። «አያንቱ ከነገረቻት ወሬ ነው። እኔ ልሂድ» አለችኝ። ካዘነች ወይም ከፈራች ብዬ አብሬሽ ልምጣ አልኳት። አይ አለች።

ልጄ ከዚያ ወዲህ ከአሰንዳቦ ወጥታ አታውቅም። ሁለት ዓመት መኪና ላይ አልወጣችም። አሁን ይህን የምጽፈው እሷ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው፤ ደብዳቤውን የምታመጣልሽ እሷው ናት።

ስትደርስ ብዙ አትጠይቋት። ቁርስ አልበላችም።

ከፈለ

*

ጅማ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለአባቴ ለጋሽ ከፈለ፣

ናርዲ ደህና ናት። ከምንም በፊት ይህን እንዲያነቡ ብዬ ከላይ ጻፍኩት። ቁርሷንም ምሳዋንም እናቴ አብልታታለች።

ስትወርድ መናኸሪያ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ አላወቅኋትም፤ ከስታለች። እጄን ያዘችኝና እስክንደርስ አልለቀቀችኝም። ካምፓሱ ውስጥ ሰው ስለሚበዛ እናቴ ቤት ወሰድኳት። ሮሆቦትን ደውዬ ጠራኋት። እናቴ ምንም ሳንነግራት ፊታችንን ብቻ አይታ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ለቀቀችልን። እሷ በሩ ላይ በርጩማ አድርጋ ተቀመጠች፤ ሊገባ የመጣውን ሁሉ ዛሬ ዘግቻለሁ እያለች መለሰችው።

ናርዲ ሁሉንም ተናገረች። ለእኔ የጻፈችልኝንም፣ ያልጻፈችውንም። እኔ መሬት መሬት አይ ነበር። እሷ ግን ሮሆቦትን ዓይን ዓይኗን እያየች ነው የጨረሰችው።

ሮሆቦት መጀመሪያ በእኔ ነው የተቆጣችው። ይህን እያወቅሽ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ስትተኚ ስንት ቀን ሆነሽ አለችኝ። አሥራ አንድ ቀን አልኳት። ከዚያ ራሴን እጠብቃለሁ አለች፤ ከተማ አላውቅ መሰላችሁ አለች፤ እንዳልመረቅ ትፈልጋላችሁ አለች። ናርዲ አንዱንም አልተከራከረቻትም። ጊዜው ሄደ። ሮሆቦት በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ከአንቺ በፊትስ ነበረች?»

ናርዲ መለሰችላት።

«ነበረች። ጽዮናዊት ትባላለች። በመጀመሪያው ሳምንት መሳቢያዬ ውስጥ የተረሳ ደብተሯን አገኘሁ፤ ስልኳ ተጽፎበታል። ለምን እንደወጣች ደውዬ አልጠየቅኋትም።»

ሮሆቦት ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። የአውቶቡሱን ትኬት ከቦርሳዋ አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ትናንት ጠዋት ሦስታችንም ዲፓርትመንት ሄድን። የኢንተርንሺፕ አስተባባሪያችን ወይዘሮ ቆንጂት ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ምስጢር አወጣች ብሎ የያዘው ፋይል ያስፈራኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ናርዲን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሟት። ድርጅቱን ከዝርዝራቸው ወዲያው አወጡት። ቃልሽን በጽሑፍ ትሰጪኛለሽ ወይ፣ ስምሽን ሳትጠቅሺም ይቻላል አሏት። ናርዲ ሦስት ገጽ ጻፈች። ከታች «ናርዲ ከፈለ ገብረሥላሴ» ብላ ፈረመች። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚመጣ አላውቅም፤ ሥራ አስኪያጁ ሊከሳት ይችላል ብለውናል። የሕግ ክፍል የሚያስተምሩ ሰው ሰኞ ሊያነጋግሯት ቀጠሮ ይዘዋል።

ስለ እኔም ልንገርዎት። አጋሮ እገባለሁ፤ ሰኔ 5 ሳያልፍ አሳውቄያቸው ነበር። ብዋሽዎት ምን ይጠቅመኛል፣ አዲስ አበባ አሁንም ያምረኛል። ከዚያ ቤት ውጪ ሌላ አዲስ አበባ ስንት አለ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ለለሚ ደውዬ ሁለት ሆነን ብንመጣስ አልኩት። የተፈቀደለት ለአንድ ሰው ነው። ጥቂት አሰበና ኮምፒዩተሩን በየተራ ከያዛችሁት፣ ምሳውንም ከተካፈላችሁት ኑ አለ። ሮሆቦት እስካሁን እሺ አላለችም፤ ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ገና አልተዋጠላትም። ወረቀቱን ግን ሞልታለች። ለእናቴ ደግሞ የባንኩ ነገር እንደቀረ እኔው ነገርኳት። ማወቅ ያለባትን ያህል ከበሩ ላይ ሳትሰማ አልቀረችም፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ለጎረቤቶቿ ልጄ አጋሮ ልትገባ ነው ስትል ሰማኋት።

ስለጻፍኩብዎ ክፉ ቃል እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ይቅርታ አልጠይቅም። መጥቼ ፊትዎ ቆሜ እጠይቃለሁ።

ናርዲ ዛሬ ትመለሳለች ብለው እንዳይጠብቁ፤ እስከ ሰኞ እኛ ዘንድ ትቆያለች። ዛሬ ከሰዓት ስልኬን ስጪኝ አለችኝ። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ሲነሳላት እንዲህ ስትል ሰማኋት። «ጽዮናዊት ነሽ? አታውቂኝም። ናርዲ እባላለሁ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ በወንበርሽ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ትሰማ ጀመር። እኔና ሮሆቦት ተነስተን ወጣንና በሩን ዘጋንላት። ይህን የምጽፍልዎ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ኢሕሳን ሊነሳ ስለሆነ እዚህ ላይ አቆማለሁ። እነሱ ገና አልጨረሱም።

ልጅዎ አያንቱ